ባሕር ማዶ የላክኳት በቅሎ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ጂኦግራፊ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ያየሁት ትልቁ ውኃ ግን ልጅ ሆኜ ጣና ነው፣ እሱንም ዳር ቆሜ። ጭሮ ላይ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የካሪቢያንን ደሴቶች ስስል ልማዴ አንድ ነው፤ ጠመኔውን ነካ ነካ አድርጌ ነጠብጣብ እበትንና «እነዚህ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው» ብዬ አልፋለሁ። ፈተና ላይ ስለማይመጡ ማንም አይጠይቀኝም። ከነጠብጣቦቹ አንዱ ላይ የልጅ ልጅሽ ትወለዳለች ያለኝ ሰው ቢኖር በዚያው ጠመኔ ግንባሩን እለው ነበር።

ልጄ አንድ ናት። ድሬዳዋ የሆቴል ሥራ ተምራ ዱባይ ሄደች፤ ከዱባይ ቱሪስት የሚያዞር ትልቅ መርከብ ላይ ተቀጠረች፤ እዚያው መርከብ ላይ ሞተር የሚጠግን ሰው አገባች፤ ሰውየው ቤኪያ የምትባል ደሴት ልጅ ነው። በአንድ ትንፋሽ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን እያንዳንዷ እርምጃ የአንድ ዓመት ልቅሶ ነበረች። ሰውየው ኦርቶዶክስ ነው ስትለኝ እንዳልቆጣ የፈጠረችው ውሸት መሰለኝና «እኔን ልታሞኚኝ ነው?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት።

በማግስቱ በቪዲዮ አሳየችኝ። ቆርቆሮ የለበሰ የእንጨት ቤት ነው። ውስጡ ነጠላ ያጣፉ፣ መልካቸው እኛን የሚመስል፣ ግን እኛ ያልሆኑ ሰዎች ቆመው በማላውቀው ዜማ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይላሉ። አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ግዕዙን ግን በቃላቸው ይወጡታል። በመስኮቱ በኩል የሚታየው ሁሉ ባሕር ነው። የባሏ ቤተሰቦች ከአያታቸው ጀምሮ በዚህ እምነት ያሉ ናቸው አለችኝ። ወይ የእግዜር ሥራ! እኔ ሶፋዬ ላይ ተደላድዬ ተቀምጬ የነበርኩት ሴትዮ ብድግ አልኩ፤ በራሴ ሳሎን፣ ስልክ በእጄ ይዤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆምኩ።

የልጅ ልጄ የተወለደች ጊዜ ስልኩ የጮኸው ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ልስም ጫማዬን እያደረግኩ ነበር። «እማ፣ አሁን ተወለደች፣ አሁን» አለችኝ፤ ድምጿ ደክሟል። እልል ብዬ ስጨርስ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ካላንደር ሄጄ ማክሰኞን ከበብኩና አንድ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የሚነሡት። ሰማንያው ሁዳዴ ጾም ውስጥ፣ ሐሙስ ላይ ዋለ። ሐሙስን ሁለት ጊዜ ከበብኩት።

ለምን እንደዚያ እንደተንገበገብኩ ካልተናገርኩ እብድ እመስላለሁ። ከጎጃም ተመድቤ ወደዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ የደረሰኝ ቦርደዴ ነበር፤ ልጄንም የወለድኩት እዚያ ነው። ቄስ የሚመጣልን ከአሰቦት በኩል ነው። ሰማንያዋ ሲደርስ አንድ ቄስ እመጣለሁ አሉኝ። እኛ ዘንድ ቄስ የጠራ ሰው መጓጓዣ ይልካል፤ ድሮ በቅሎ ነበር፣ አሁን መኪና ነው። እኔ ግን ምን ቸገረኝ፣ አውቶቡስ አይጠፋም ብዬ ዝም አልኩ። በዚያ ቀን ጎርፍ መንገዱን ዘግቶት ዋለ። ቄሱ መንገድ ዳር ተቀምጠው ውለው ተመለሱ። ከዚያ አንዱ እንቅፋት ሌላውን እየጠራ ልጄ ክርስትና የተነሣችው በአምስት ወሯ ነው።

እናቴ ከጎጃም የላከችልኝ ደብዳቤ አንድ መስመር ነበር፦ «ልጅሽን ያለ ቀኗ አስቀረሻት» ይላል። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ መስመሯ ግን አላረፈችም። ልጄን ባሳላት ቁጥር፣ ባተኮሳት ቁጥር፣ ዱባይ ሆና በከፋት ቁጥር ያቺ መስመር ትመጣብኛለች። አጉል ነገር ነው የሚል ይኖራል፤ እኔም ለሌላ ሰው ቢሆን እንደዚያው ነው የምለው። ለራስ ሲሆን ግን ሌላ ነው። የልጅ ልጄ ቀኗ እንዳያልፍባት ማልኩ።

ቤኪያ ላይ ነዋሪ ቄስ የለም። ደሴቶቹን እየዞሩ የሚያገለግሉ አንድ አባት አሉ አለችኝ ልጄ፤ ስልካቸውን ተቀብዬ ደወልኩ። እዚያው ደሴቶቹ ላይ ተወልደው ያረጁ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መጥተው ጥቂት ዓመት ተምረዋል፤ አማርኛቸው የመጽሐፍ አማርኛ ነው። «እንደምን አደሩ፣ እናቴ» አሉኝ። ጭሮ ላይ ከሰዓት በኋላ ነበርና ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። ከክርስትናው ሐሙስ በፊት ባለው እሑድ ግሬናዳ ላይ አገልግሎት እንዳላቸው፣ ከግሬናዳ ወደ ሰሜን ያሉትን የመንገደኛ መርከቦች ቀንና ሰዓት ግን እንደማያውቁ ነገሩኝ። በቅሎዋን የምልከው እኔ የሕፃኗ አያት ነኝ፣ መንገዱን ለእኔ ይተዉት አልኳቸው። ሳቁና በቅሎዬ ባሕር ትሻገር እንደሆነ ጠየቁኝ። ያያሉ አልኳቸው።

ልጄ «እማ፣ ተይው፣ እኔ አጣራለሁ» ብላ ነበር። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች! ጡት እያጠባች፣ ባሏ መርከብ ላይ፣ እሷ ምን ታጣራለች? ደግሞስ ጂኦግራፊ አስተማሪዋ ማን ነው?

እንግዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ የተማሪ ፈተና አርሜ ስጨርስ፣ ሥራዬ ይኸው ሆነ። አንድ ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ስልኬን አስደግፌ፣ የእያንዳንዱን መርከብ ቀንና ሰዓት እየፈለግኩ እጽፋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ነጠብጣብ ያልኳቸው ነገሮች አንድ በአንድ ተነሥተው ቆሙ። ግሬናዳ፣ ካሪያኩ፣ ዩኒየን፣ ካኑዋን፣ ቤኪያ። አንዱ ተራራ አለው፣ አንዱ ወንዝ የለውም፤ ሁሉም የየራሱ ወደብ፣ የየራሱ ትምህርት ቤት፣ የየራሱ መቃብር አለው። ካሪያኩ ላይ ሲቆሙ ዩኒየን ፊት ለፊት ይታያል፤ ከጭሮ ከፍታ ላይ ሆኖ የሚኤሶን ቆላ እንደማየት ያለ ነው። ግን ሁለት አገር ናቸው! በመሐል ፓስፖርት ላይ ማኅተም ይመታል። ይህን ያነበብኩ ቀን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ለብዙ ጊዜ ወረቀቱን ብቻ አየሁ። የማላውቀውን ነገር ያን ያህል ዓመት አስተምሬ ኖሬያለሁ ብዬ አፈርኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ፣ ደስታው ከሐፍረቱ በለጠ።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ደግሞ ሰዓታቸው ነው። መርከቡ ይህን ሰዓት ይነሣል ካለ ይነሣል፤ ወንበሩ ባዶም ቢሆን።

ይህን ጎረቤቴ ሊያምነኝ አልቻለም። ጎረቤቴ መናኸሪያ ስምሪት ላይ ነው የሚሠራው፤ የገለምሶውን፣ የበደሳውን፣ የሚኤሶውን ሚኒባስ ተራ ሲያስይዝ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ልጄ ስታድግ በየመንደሩ መኪና አሳፍሮ የሸኛት እሱ ነው፤ ለእሱም ልጁ ናት። ቅዳሜ መጥቶ ወረቀቴን አየ። ሳይሞላ የሚሄድ መርከብ አለ ስለው «ዋላሂ፣ ቲቸር፣ ይሄ ውሸት ነው» አለና ጣቱን እያስኬደ መስመሩን ተከተለ። እሑድ ከሰዓት ግሬናዳ ዕረፍት፣ ሰኞ ጠዋት በመርከብ ካሪያኩ፣ ሰኞ ከሰዓት በትንሽ ጀልባ ዩኒየን፣ ማክሰኞ መርከብ የለም፣ ረቡዕ ከሰዓት ከዩኒየን ተነሥተው ከመሸ ቤኪያ፣ ሐሙስ ክርስትና። ጣቱ ማክሰኞ ላይ ቆመ።

እሑድ ከሰዓትም ወደ ካሪያኩ የሚሄድ መርከብ እንዳለ ወረቀቱ ላይ አይቷል። ያንን ይያዙና ሰኞ ማለዳ ተሻግረው የሰኞውን መርከብ ከዩኒየን ይያዙ፣ ሰኞ ማታ ቤኪያ ይግቡ አለኝ። ገለምሶ ሠርግ ያለበት ሰው በዋዜማው አይሄድም፣ ሁለት ቀን ቀድሞ ገብቶ ይተኛል ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ሽማግሌውን ከቅዳሴ አውጥቼ መርከብ ላይ አልወረውርም አልኩት፤ ይረፉ። ደግሞ እዚያ እንደኛ አይደለም፣ ሰዓቱ ሰዓት ነው አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለኝ። «ጀልባውን አላማሁም፣ ቲቸር። ሰው ይሳሳታል ነው ያልኩት።»

እውነት ለመናገር ተናደድኩ። የሚሳሳተው ሰው ማን እንደሆነ አላሰብኩም።

ሰኞ ቄሱ ከካሪያኩ ደወሉልኝ። ትንሿን ጀልባ እየጠበቁ ነበር። ፎቶ ላኩልኝ፤ ውኃው እግራቸው ሥር አረንጓዴ፣ ራቅ ሲል ሰማያዊ፣ ከዚያ ወዲያ ዩኒየን ተራሮቿን ይዛ ቆማለች። በእኔ ወረቀት ላይ እኔ ያሰመርኳት መስመር ላይ እውነተኛ ሽማግሌ ቆመዋል! በቅሎዎ መልካም ናት አሉኝ። ያን ቀን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ፎቶውን ያላሳየሁት ሰው የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ኬንትሮስና ሰዓት ነበር የማስተምረው። ምድር በአንድ ሰዓት አሥራ አምስት ዲግሪ ትዞራለች ብዬ ሳበቃ ምሳሌ ፈለግኩ፤ አፌ ላይ የመጣው ደግሞ የሰሞኑ ነገሬ ነው። የልጅ ልጄ የተወለደችው እዚህ ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ እሷ ያለችበት ደሴት ከእኛ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ እዚያ ስንት ሰዓት ነበር ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰልኝ፦

«ሰኞ ማታ አምስት ሰዓት!»

ጎበዞች ልል አፌን ከፈትኩ። ሰኞ። ልጅቷ የተወለደችው ሰኞ ነው። እኔ የቆጠርኩት ጭሮ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካላንደር ነው፤ ልጄም እናቷ ቆጥራ ስለላከችላት እንደገና አልቆጠረችም። ሰኞ አንድ ተብሎ ሲቆጠር ሰማንያዋ ሐሙስ አይደለም፤ ረቡዕ ነው። ነገ ነው። ቄሱን የምታደርሰው መርከብ ደግሞ ረቡዕ ከመሸ ነው ቤኪያ የምትገባው። አፌ ቁርጥ ይበል፣ በየዓመቱ ይህንኑ ነገር ያልተረዳውን ተማሪ «እንጨት!» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ።

ክፍሉን ለአለቃቸው ትቼ ወጣሁ። እግሬ የወሰደኝ መናኸሪያ ነው። ጎረቤቴ የሚኤሶን ሚኒባስ እያስወጣ ነበር። እንባዬ እየቀደመኝ ነገርኩት። ነግሬሽ ነበር አላለኝም፤ እሱን አልረሳለትም። ማክሰኞ መርከብ የለም? የለም። ረቡዕ ጠዋትስ? የለም። ጥቂት አሰበና ያቺ ደሴት ሽንኩርት ታበቅል እንደሆነ ጠየቀኝ። ልሰድበው ምንም አልቀረኝም። ትንሽ ናት፣ ውኃ የላትም፣ አትክልቱ የሚመጣላት ሰሜን ካለው ትልቅ ደሴት ነው አልኩት።

«በቃ!» አለ። «ሽንኩርት ያመጣ ጀልባ ባዶውን ይመለሳል። የልጅሽ ደሴት መንገዱ ላይ ናት። ተመላሽ ጠይቁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሂን ሶዳቲን» አለኝ። አትፍሪ ማለቱ ነው።

እኔ የዓለምን ካርታ አውቃለሁ የምለው፣ መኪና ሲጠፋ የጭነት ተመላሽ እንደሚጠየቅ ረስቼ! ሐረርጌ ውስጥ ስንቱን መንገድ በአትክልት አይሱዙ ጋቢና ተጉዣለሁ።

ደወልኩ። ጭሮ ቀትር ነበር፣ ዩኒየን ገና አልነጋም፤ ቄሱን ከእንቅልፍ ሳይሆን ከጸሎት ነው ያስነሣኋቸው። ስሕተቴን ነገርኳቸው። ያልጠየቁኝንም ጨመርኩ፤ ቦርደዴን፣ ጎርፉን፣ መንገድ ዳር ተቀምጠው የዋሉትን ቄስ፣ የእናቴን መስመር። ለነፍስ አባቴ እንኳ እንደዚያ ዘርዝሬ ተናግሬ አላውቅም። ስጨርስ ልጅቷ የተወለደችበትን ሰዓት ደግመው አስነገሩኝ።

«እመጣለሁ፣ እናቴ» አሉ። «የሽንኩርቱን ጀልባ እጠይቃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ መልእክታቸው ደረሰኝ። ጎረቤቴ እንዳለው ነው! ሙዝና ሽንኩርት ያራገፈ ጀልባ አለ፤ ረቡዕ ማለዳ ባዶውን ይመለሳል፤ ቤኪያ ላይ ያወርዳቸዋል። መናኸሪያ ውስጥ በእግሩ ቆሞ የሸበተ ሰው ያላየውን ባሕር እንደ ገለምሶ መንገድ አነበበው። እኔ በዲግሪዬ ያላየሁትን!

ረቡዕ ግን ሌላ ነገር መጣ። ጀልባዋ ከተነሣች በኋላ ስልካቸው አይሠራም። ባሕር ላይ ኔትወርክ ከየት ይምጣ? ማዕበል ይኑር አይኑር አላውቅም። የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ ጾመኛ፣ በባዶ ሣጥኖች መሐል፣ በእኔ ስሕተት። አስተማርኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ቤት ገብቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቱ መሐል፣ በካኑዋንና በቤኪያ መካከል አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ከሥራ ሲወጣ መጥቶ በሬ ላይ ቆመና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የመግሪብ አዛን ሊደርስ ሲል ስልኩ ጮኸ።

ልጄ ናት። ካሜራውን አዞረችው። የእንጨት መሻገሪያ፣ ቀለሟ የተላጠ ጀልባ፣ የተቆለለ ባዶ ሣጥን። በሣጥኖቹ መሐል ነጭ ጥምጥም ብቅ አለ። ቄሱ መስቀላቸውን በአንድ እጅ፣ የመርከበኛውን ትከሻ በሌላው ይዘው ወረዱ። ጎረቤቴ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ፊቱን አበሰና ለሶላት ሄደ። እኔም ተነሥቼ ሰገድኩ።

ክርስትናውን በቪዲዮ ተከታተልኩ። ጾም ስለሆነ ቄሱም ሌላውም እህል ሳይቀምስ ነው የጠበቀው። ቁርባኑ ታቦት ባለበት ደሴት ሌላ ቀን ይፈጸማል ተባለ። በዚያች ቆርቆሮ ቤት ደጅ፣ በትልቅ ሳፋ ውኃ ተባረከ። ከጀርባ ባሕሩ ተንጣሏል፤ ያን ሁሉ ውኃ ይዞ ቆሞ ለአንድ ሳፋ ውኃ ይጸለያል። የልጅ ልጄን ሦስት ጊዜ አጠለቋት፤ ጩኸቷ ጭሮ ደረሰ። ሜሮን ተቀባች፣ ማዕተቧ አንገቷ ላይ ታሰረ፣ ስም ወጣላት። ስሟን ለራሴ ላቆየው። የማላውቃቸው ሴቶች በማላውቀው አገር እልል ሲሉ እኔም ብቻዬን ሳሎኔ ውስጥ እልል አልኩ።

ሲያበቃ ቄሱ ስልኩን ተቀበሉ። ጥምጥማቸው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፎበታል።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አሉኝ። «ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ከማታ ነው የምትጀምረው። ሰኞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የተወለደች ልጅ የማክሰኞ ናት። ሐሙስ ብናጠምቃትም ልክ ነበር።»

ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። ጭሮ ላይ ፀሐይ ጠልቃለች። እንደዚያ ከሆነ እዚያ ረቡዕ ቀትር ሆኖ ሳለ እኔ ቤት ሐሙስ ገብቷል። ከሰኞም ብቆጥር ከማክሰኞም ብቆጥር ሰማንያው ሞልቷል።

ትናንት ስደውል ይህን ያውቁ እንደነበር ጠየቅኳቸው። አውቅ ነበር አሉ። ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ፣ ለምን በዚያች ጀልባ ተንገላቱ አልኳቸው፤ ድምፄ ቁጣ ነበረው።

«ብነግርዎ እሺ ይሉኝና ሲቆጥሩ ያድሩ ነበር» አሉ። «እኔ ስለ ቀኑ አልመጣሁም። ቦርደዴ ላይ ያልደረሰው ቄስ ዛሬ ደረሰ ብለው ይቁጠሩት።»

ወረቀቱ ላይ ያንጠባጠብኩት እንባ ካኑዋንን አጥፍቷት ነበር፤ ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

በቀደም ልጄ ደውላልኝ እያወራን አሳላት፤ ደረቅ ሳል ነው። ስልኩን ይዤ ጠበቅኩ። የእናቴ መስመር አልመጣችም። ትኩስ ነገር ጠጪ፣ ንፋስ ላይ አትቀመጪ አልኳትና ወደ ወሬያችን ተመለስን።